እትዬ ዘሐራ ክዳን አትከፍትም ነበር

እትዬ ዘሐራን መኪና ገጭቶ ገደላት ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «የት መንገድ ላይ?» ብዬ ነው። የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ፋጡማ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። እትዬ ዘሐራ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የምትሻገረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ከምግብ ቤታችን በር አሥራ ሁለት እርምጃ የሚርቀው አስፋልት። እኔ ግን ጠየቅሁ። ሌላ መንገድ ከሆነ ሌላ ሴት ትሆናለች ብዬ ይመስለኛል።

በእጄ ጋቢ ይዤ ነበር። መብራት ስለሄደ የምስሩን ድስት ላለብስ ነው የያዝኩት። እንደያዝኩት ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ በሰዎቹ እግር መካከል ሎሚ ተበትኗል። አንድ ነጭ መኪና ጥግ ይዞ ቆሟል። ሞተሩ ይነሳ ይጥፋ አይታወቅም፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ሾፌሩ እንድሪስ የሚባል የአምባሰል ልጅ ነው። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል።

«አየችኝ። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። አይታኛለች፣ ትቆማለች ብዬ ነው።»

«አይታህ ነው የገጨሃት?» አለው አንድ ሽማግሌ። ሌላው በጥፊ መታው። ልጁ ጥፊው የተሰማው አልመሰለኝም።

ጋቢውን እትዬ ዘሐራን አለበስኳት።

እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ ልጁ እንዳልዋሸ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ እውነቱን ነው። ግን አላየችውም። እትዬ ዘሐራ ዓይነ ስውር ነበረች። የገዛ ልጇ አያውቅም፤ አሥር ዓመት አብራት የሠራችው ፋጡማም አታውቅም። እኔ ደግሞ ለማንም እንዳልናገር ምያለሁ።

በሰባተኛው ቀን፣ ከሰደቃው በኋላ፣ ደም የሚያደርቁት ሽማግሌ ሁለቱን ወገን እንደሚያስቀምጡ ተነገረ። ሰባት ቀን ነበረኝ።

የአርዲቦ ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሐይቅ የመጣሁት የዛሬ አራት ዓመት ነው፣ የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ አልችልም። ገበያ ስሄድ የምፈልገውን በጣቴ ነበር የማሳየው።

እትዬ ዘሐራ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። ረጅም ናት፤ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ዓይኗ ጥርት ያለ። ሰው ስታናግር ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰውየው ታዞራለች፤ አንዳንዱ ሰው ያፍራታል።

«ወጥ መሥራት ትችያለሽ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ደግሜ ነቀነቅሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን አርዲቦ ጥለሽው ነው የመጣሽው?»

ፋጡማ ከውስጥ ሳቀች። «እችላለሁ» አልኩ እንደምንም።

«እንዲህ ነው እንጂ። እዚህ ቤት በራስ መነቅነቅ አይሠራም። እሺ ካልሽ እሺ በዪ፤ እንቢ ካልሽም እንቢ በዪ።»

ክፉ ሴት ናት ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ሰው እንዳላየኝ ሆኖ ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ምግብ ቤቷ ሥጋ አይገባበትም። «ሥጋ ሰውን ለሁለት ይከፍላል» ትላለች፤ «የእስላም ነው፣ የክርስቲያን ነው ያሰኛል። ዓሣን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።» ስለዚህ ከመስጊድ የመጣውም ከቤተ ክርስቲያን የመጣውም አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይበላል። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ የተጠበሰ ዓሣና የዓሣ ሾርባ፤ ይኸው ነው። ሃያ ዓመት በባሕር ዛፍ እንጨት አብስላለች። እኔ ልመጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ የጭቃ ምድጃዋን በእጇ አፍርሳ ሁለት ስቶቭና እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስል አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ድስት አስገባች። ከተማው «ዘሐራ ዘመነች» አለ። ማድ ቤቱ መስኮት የለውም። ግድግዳው አሁንም ጥቁር ነው፤ ቀለም ብንቀባውም ጥላሸቱ ከሥር ይመጣል።

በዚያ ማድ ቤት ሕግ ነበረ። የሕጎቹ ሁሉ ምክንያት መብራት እንዳይባክን ነው ትለን ነበር፤ እኛም አምነናል።

አንደኛው ሕግ ክዳን አይከፈትም ነው። «ክዳን የሚከፍት ሰው ለሰማይ ነው የሚያበስለው» ትላለች። ፋጡማ ወጡ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ክዳኑን ብድግ ስታደርግ፣ እትዬ ዘሐራ ጀርባዋን ሰጥታም ቢሆን ታውቅባታለች።

«ፋጡማ፣ ምን አየሽ?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ።»

«ምንም ለማየት ነው ሙቀቱን ያስወጣሽው?»

ወጥ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሽሮ ድምፁን ሦስት ጊዜ ይለውጣል። መጀመሪያ እንደ ካፊያ ነው። ቀጥሎ ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው እግር ይሆናል። በመጨረሻ እየቆየ ይተነፍሳል። እትዬ ዘሐራ ስቶቩን የምታጠፋው በሁለተኛው ላይ ነው። «የቀረውን የጋለው ብረት ይጨርሰዋል። ሥራውን ለጨረሰ ሠራተኛ እራት አይደገምም» ትላለች። ምስሩን ማታ ትነክራለች፤ ክኩንም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ ድስቱ ፈልቶ እንፋሎቱ ከታፈነ በኋላ ታጠፋውና በጋቢ ጠቅልላ ትተወዋለች። በራሱ ሙቀት ይደርሳል። መብራት ሄደ ብለው ሌሎች ምግብ ቤቶች ሲዘጉ የእኛ ምሳ ጋቢ ለብሶ ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ሕግ ዕቃ ከቦታው አይነሳም ነው። ጨው ከግድግዳው ሦስተኛው ጣሳ ነው፤ በርበሬ አራተኛው። ቢላዋ በቀኝ፣ ጭልፋ በግራ። በርጩማ ያዘዋወረ ሰው ቀኑን ሙሉ ይሰደባል። «ድስት ጥደሽ ማንኪያ የምትፈልጊ ከሆነ ማንኪያውን ነው ያበሰልሽው።»

ከመንገዱ ማዶና ከመናኸሪያው አካባቢ ምግብ ቤት ያላቸው ሴቶች ሊማሩ ይመጡ ነበር። እነሱም ስቶቭ ገዝተዋል፤ ግን ከእንጨት ምንም አልተሻለንም ይላሉ። እትዬ ዘሐራ መጀመሪያ ድስታቸውን አምጡ ትላቸዋለች። ድስቱን ገልብጣ ቂጡን በመዳፏ ትዳብሰዋለች።

«ይህ ድስት ሆዱ የተነፋ ነው። ስቶቩ ላይ አይተኛም፤ ይንቀጠቀጣል። መብራቱ የሚያሞቀው አየሩን ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«ለልጆችሽ ከበሮ ይሁን። አንቺ ቂጡ ዝርግ የሆነ ግዢ።»

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማድ ቤቱ ሞቅ ብሎ ሳለ መብራት ሄደ። መስኮት ስለሌለ ጨለማ ሆነ። ፋጡማ ቢላዋዋን ጣለች፤ እኔ ክንዴ እንዳይቃጠል ባለሁበት ደረቅሁ። እትዬ ዘሐራ ግን አላቆመችም። ሁለቱን ስቶቮች ስታጠፋ ሰማሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ዓሣውን ከዘይቱ ስታወጣ፣ ጋቢውን ስትዘረጋ፣ ጨው ስትነሰንስ ሰማሁ። በባትሪ መጥተው ሲያበሩልን ሦስት ሳህን ዓሣ ተደርድሯል።

«ጂን ያግዝሻል እንዴ?» አለቻት ፋጡማ።

«ስንፍና የሌለበት ሰው ጂን አያስፈልገውም» አለች።

እንግዲህ ያኔ ማወቅ ነበረብን። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ ዓይናችን ሥር ነበር፤ ይህ ነው የሚያስደነግጠኝ። ከሐይቁ ዓሣ የሚያመጣልን ሰውዬ እንኳ ይቀልድባት ነበር። እያንዳንዱን ዓሣ ስንጥቡን በአውራ ጣቷ ከፍታ ትነካለች፣ ሆዱን ትጫናለች፣ ታሸታለች።

«እትዬ ዘሐራ፣ ልትገዢው ነው ልታገቢው?»

«አንተን ካገባችው ሴት የተሻለ ነገር አገኛለሁ» ትለዋለች። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል።

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ወሬኛ ነው። «አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ አላየሽም እንዴ?» አላት አንድ ጊዜ።

«አይቼዋለሁ። ያለፈው ይሻልሃል።»

ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት የድሮውን ለብሶ መጣ።

ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ ከጀመርኩ ወደ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ድስቱ ፊት ለፊቱ ላይ መጫኛዎች አሉት፤ እንደ መስታወት ለስላሳ ናቸው። ከእነሱ በአንዱ ላይ አንድ፣ በሌላው ላይ ሁለት የሻማ ጠብታ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ዘወትር አየዋለሁ። ለአረፋ ቤቱን ስናጸዳ፣ እትዬ ዘሐራ ትደሰታለች ብዬ ድስቱን በቢላዋ ጫፍ ፋቅሁት፤ በሎሚ ልጣጭ አሸሁት። አዲስ መሰለ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ክኩ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ከወልድያ የመጡ መንገደኞች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ማድ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። እትዬ ዘሐራ ድስቱ ፊት ቆማ በሌባ ጣቷ መጫኛዎቹን ትዳስሳለች። ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ተመለሰች። መንገድ የጠፋባት ጉንዳን መሰለችኝ።

«የሺ» አለችኝ። «ድስቱን ማነው ያጠበው?»

ፊቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ ነበር የጠየቀችኝ፤ እንደ ወትሮዋ፣ በዚያ ሰውን በሚያሳፍር አስተያየቷ። ያዞረችው ግን ወደ ግድግዳው ነው። እኔ በሌላኛው ጎኗ ነበርኩ።

ከጎኗ ዘንበል ብዬ እጄን ዓይኗ አጠገብ አወዛወዝኩ። ዓይኗ አልተከተለኝም። ጥርት ያለ፣ ቆንጆ ዓይን፤ ምንም የለበትም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ ድምፄ ዞረች። ከዚያ ፋጡማን ጠርታ ለእንግዶቹ ዓሣ እንድታቀርብ፣ ክክ የለም እንድትል ላከቻት። በሩን ዘጋችው።

«ሻማውን መልሺልኝ» አለች።

ሻማ ለኩሼ አንድ ጠብታ እዚህ፣ ሁለት ጠብታ እዚያ አንጠባጠብኩ። ትኩስ ሰም ጣቴ ላይ ፈሰሰ፤ አልተሰማኝም። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ነገረችኝ።

«ደሴ ሐኪም አይቶኛል። የዓይን ግፊት ነው፣ ቀስ ብሎ ከዳር ከዳር ይበላል፣ የተበላው አይመለስም አለኝ። እኔ ደግሞ ጭሱ ነው እላለሁ። ሃያ ዓመት እፍ ያልኩት እሳት ነው። መጀመሪያ ጎኑ ጠፋ፤ ከዚያ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆነ። እሳቱን ማየት ሲያቅተኝ ሁለት ጊዜ ቀሚሴ ተቃጠለ። ይህን ድስት የገዛሁት ዘምኜ አይደለም፣ ልጄ። እሳት የማያስፈልገው ምድጃ ስለፈለግሁ ነው።»

«ለምን አትናገሪም?» አልኳት። በሕይወቴ ሰው ጠይቄ የማውቅ አይመስለኝም።

«ዕውር ያበሰለውን ማን ይበላል? ዝንብ ይገባበታል፣ ፀጉር ይገባበታል ይላሉ። አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው፤ በማግስቱ አግዳሚው ባዶ ይሆናል። አንቺስ ወዴት ትሄጃለሽ? ፋጡማስ? ልጄ አሊ ደግሞ ቢሰማ ነገውኑ መጥቶ ኮምቦልቻ ይወስደኛል። ጥግ ላይ ያስቀምጠኛል። የማላውቀው ቤት፣ የማላውቀው ጥግ።»

ሻማውን እፍ ብዬ አጠፋሁት።

«ማይልኝ» አለች።

«በእስጢፋኖስ።»

«ሐይቁ ላይ ያለው ገዳሙ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሴት አይገባም።»

«እንግዲያው አንቺም ሳታዪ የምታምኚ ነሽ» አለች፤ ሳቀችም። «አብሽሪ፣ የኔ ሸጋ። ክኩን መልሰሽ ጣጂው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሕጎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ሰማኋቸው። ክዳን አለመክፈት፣ ዕቃ አለማዘዋወር፣ መስማት፣ መዳሰስ። ከመናኸሪያው የሚመጡት ሴቶች መብራት ቆጣቢ ዘዴ ብለው ይዘውት የሚሄዱት ዓይኗን ያጣች ሴት እንዳትወድቅ የሠራችው ነገር ነበር። ግን ዘዴው ይሠራል። መብራቱም እውነት ይቆጥባል። ያ ነው የገረመኝ።

መንገድ ስትሻገር መጀመሪያ ትቆማለች፤ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ የምታደርግ ነበር የሚመስለን። መኪና እየለየች ነበር። «የጭነት መኪና ከሩቅ ያጓራል፤ ሚኒባስ ይንኮሻኮሻል፤ ባጃጅ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነው» አለችኝ። አንድ ቀን ግን ልትሻገር እግሯን ስታነሳ ክንዷን ይዤ መለስኳት። አንድ መኪና በአጠገባችን ሽው ብሎ አለፈ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ እንደ ድመት የሚሄደው?»

«በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ እትዬ።»

«እንደኛ ድስት? ጭስ የለውም?»

«የለውም።»

«ማሻአላህ» አለች። ደስ አላት።

እኔን ግን ደስ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ስትሻገር ዘንቢል ይዤ በግራዋ እሄዳለሁ። ፋጡማ «ጅራቷ ሆንሽ» ብላ ትስቅብኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ብቻዋን አልተሻገረችም።

ያን ቀን ጠዋት መብራት ሄድ መጣ ይል ነበር። ምስሩ በኤሌክትሪክ ድስቱ ውስጥ ነው። ለዓሣው ሎሚ አልቋል። ዘንቢሉን አነሳሁ።

«አንቺ ድስቱን ጠብቂ» አለችኝ። «መብራቱ ከሄደ ሳይበርድ ጋቢውን አልብሺው። እኔ መጣሁ።»

«አብሬሽ ልምጣ» ልል ፈለግሁ። ያልኩ ይመስለኛል። ወይም በጉሮሮዬ ቀርቷል። እስከ ዛሬ አላውቅም። ሄዳ፣ ሎሚውን ገዝታ፣ ስትመለስ ነው።

ሰባቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። ልቅሶ ቤቱ የሚያወራው ስለ ልጁ ነው። አሊ ከኮምቦልቻ መጥቶ የእናቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ አይበላም። «አይቷት ነው» ይላል። «አይታኛለች ብሏል በገዛ አፉ። እናቴ ዓይኗ ደህና ነው፤ መሻገር ታውቃለች። ቢቆም ትተርፍ ነበር።» የእንድሪስ አባት ከአምባሰል መጥቶ፣ ቤቱ ለመግባት ስለማይፈቀድለት መንገዱ ማዶ ቁጭ ብሎ ይውላል። አሊ ዕርቅ እንቢ ካለ በሁለቱ ቤት መካከል ደም ይቀራል። አባትየው ልጆቹን ሐይቅ ገበያ መላክ አይችልም፤ እንድሪስም ከእስር ቢወጣ አገሩ አይኖርም።

ፋጡማ ሽንኩርት እየላጠች «ያ ልጅ ዕድሜውን ታስሮ ይጨርስ» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ብናገር መሐላዬን እበላለሁ። ብናገር አግዳሚው ባዶ ይሆናል ብላኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእሷ ቦታ ቆሜ አሰብኩት። አራት ዓመት ከዚያም በላይ የደበቀችውን፣ አፈሩ ሳይደርቅ እኔ ላውጣው?

በሰባተኛው ቀን የሼህ ሰይድ ግቢ ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። ሼህ ሰይድ አበጋር ናቸው፤ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ሴቶች ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን። እንድሪስ በዋስ ተለቆ መጥቷል። እንደ ልማዱ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል፤ ድንጋዩን የሚያነሳለት ይቅር ያለ የሟች ወገን ነው። ዱዓ ተደረገ። ሼህ ሰይድ አሊን ጠየቁት።

«አልቀበልም» አለ አሊ። «በስህተት ለገደለ ይቅር ይባላል። ይህ አይቶ ነው።»

እንድሪስ ከድንጋዩ ሥር «አየችኝ ብዬ ነው» አለ። ሌላ ቃል የጠፋበት ይመስላል። ቢዋሽ ይሻለው ነበር፤ አላየኋትም ቢል። ሰባት ቀን ሙሉ አልዋሸም።

ሼህ ሰይድ እንደ ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። «የሚናገር አለ?» አሉ። ዝም። ትንሽ ቆይተው «የሚናገር አለ?» አሉ። ዝም። ሦስተኛው ካለፈ ነገሩ ይዘጋል።

«የሚናገር አለ?»

ተነሳሁ። ፋጡማ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ «ምን ሆነሻል? ቁጭ በዪ» አለችኝ። «አለ» የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ፤ ግን ማንም አልሰማውም።

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አሉ ሼህ ሰይድ።

«እትዬ ዘሐራ አታይም ነበር» አልኩ። «ዓይነ ስውር ነበረች። በድምፅ ነው የምትሻገረው። መኪናው ድምፅ የለውም።»

ከፊት ያሉት ሰዎች በሙሉ ዞሩ።

«ይህቺ ልጅ ምን ትላለች?» አለ አሊ። አልተቆጣም፤ ያልገባው ሰው ድምፅ ነው። «ለአረፋ ስመጣ የሸሚዜ ቁልፍ መውደቁን አይታ ሰፍታልኛለች። ዕውር ቁልፍ ይሰፋል?»

«ስታቅፍህ ነው በእጇ ያገኘችው። ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባሁላት እኔ ነኝ።»

አሊ ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘ። ፋጡማ ቀሚሴን ለቀቀችው። «መብራት የሄደ ቀን» አለች ለራሷ፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

«በመጣሁ ቁጥር ፊቴን በሁለት እጇ ትይዘው ነበር» አለ አሊ። «ናፍቆት ነው ብዬ።» ቁልፉን ለቀቀው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ስመጣም አታይም። አራት ዓመት ሆነኝ።»

«እንግዲህ» አሉ ሼህ ሰይድ፣ «እሱም አልዋሸም፤ እሷም አላየችውም።»

ወንዶቹ ሁሉ አሊን ይጠብቃሉ። የእንድሪስ አባት በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቷል። አሊ ተነሳ። ቀስ ብሎ ሄዶ ከእንድሪስ ማጅራት ላይ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳው። ከኋላ አንድ ሰው «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንድሪስ ግን አልተነሳም፤ ድንጋዩ የተነሳለት አልመሰለውም።

አሊ ድንጋዩን እንደታቀፈ ወደ ሴቶቹ ዞረ፤ ወደ እኔ።

«ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው» አለ። «አርባ ቀኗ ሲሆን አምጥቼ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። በአውራ ጣቷ ቅንድቧን ዳበሰቻት። ዓይኗ የአባትህ ነው አለችኝ። ቁርጥ አባትህ ናት አለችኝ።»

ጠበቀኝ።

«አላየቻትም» አልኩት።

ድንጋዩን መሬት አላስቀመጠውም። እንደታቀፈው እዚያው ቁጭ አለ።